በሩ የኔ ነበር

በሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይሄን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፣ ምክንያቱም ዛሬ እኛ ከተማ ሪችመንድ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ የሌላ ሰው ስም ነው የሚነግሯችሁ።

በር የምለው ጭፈራውን ነው። ክርንህን እስከ ትከሻህ ታነሳዋለህ፣ ከክርንህ በታች ያለው ክንድ ግን ያንተ እንዳልሆነ ነገር ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። ከዛ ይወዛወዛል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሶስቴ፣ እያነሰ እያነሰ ይመጣና ቀጥ ይላል። ያየሁት ከግቢያችን በር ላይ ነው። የላይኛው ማጠፊያው ከወለቀ ሶስት ዓመቱ ነው፤ የጭነት ባቡር ባለፈ ቁጥር ማንም ሳይነካው እየተወዛወዘ ይጮሃል። አባቴ ሁሌ "ቅዳሜ እሰራዋለሁ" ይላል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ሳየው፣ ይሄ በር እኮ ከኔ የተሻለ ሮቦት ነው አልኩ። በቃ፣ ሁለት ወር ሙሉ እናቴ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን መስታወት ፊት ቆሜ ክንዴን ሳወዛውዝ ከረምኩ። እናቴ "ልጁን እጁን የሆነ ነገር ነክቶት ይሆን እንዴ" ብላ ለአክስቴ ደውላ ነበር።

ኦክላንድ ያሉት ቡጋሉ ነው የሚጨፍሩት፣ ወገባቸው ውስጥ አጥንት ያለ አይመስልህም። ድልድዩን ተሻግረህ ሳንፍራንሲስኮ ከሄድክ ደግሞ ተደርድረው ክንድ መወራወር ነው ስራቸው። እኛ ሪችመንዶች ሮቦት ነን። ሙሉ ልብስ፣ ክብ ባርኔጣ፣ ነጭ ጓንት፣ ፊታችን ላይ ብርማ ቀለም። የኛ ዋናው ነገር መንቀሳቀሱ አይደለም፣ ማቆሙ ነው። ማንም ሰው ክንዱን ማንሳት ይችላል። አንስተኸው እዛው አየር ላይ ቀጥ ማድረግ፣ ጣትህ እንኳን ሳይንቀጠቀጥ፣ እሱ ነው ጭፈራው።

ቡድናችን "የብረት ልጆች" ይባላል፣ ሶስት ነን። አለቃችን ቬርኒታ ናት፣ የአክስቴ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቀን ቀን ስልክ መስሪያ ቤት ትሰራለች። ከሷ በላይ ቀጥ የሚል ሰው አላየሁም። ጉልበቷ ካበጠ ወዲህ ግን ከኋላ ነው የምትቆመው። ሁለተኛው እኔ ነኝ፣ ኦዴል። ሶስተኛው ሉሺየስ ነው።

ሉሺየስን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ይሄም ነው የሚያንገበግበኝ። በሚያዝያ ወር ከቴክሳስ ገጠር መጥቶ እኛ መንገድ ላይ አጎቱ ቤት ገባ። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ይላል። ሰው የለውም ብዬ አዘንኩለትና "ና ተነስ፣ አንድ ነገር ላሳይህ" አልኩት። ግቢያችን ውስጥ አንድ በአንድ አስተማርኩት። አንገት፣ ትከሻ፣ እጅ አንጓ። ከዛ በሩን አሳየሁት። አንዴ ነው ያሳየሁት። አንዴ።

ሉሺየስ ክርኑን አነሳ። ክንዱ ተንጠለጠለ፣ ተወዛወዘ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሶስቴ፣ ሲቆም ደግሞ ወደኋላ ትንሽ ነጠረ። እንደ እውነተኛ በር። እኔ በሁለት ወር ውስጥ ያቺን መንጠር አላገኘኋትም ነበር።

"እንዲህ ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው፣ ትለምደዋለህ" አልኩት።

ሰኔ ላይ ፓርኩ ውስጥ የሰፈር ግብዣ ነበር። እኔ በሩን ሰራሁት፣ ሰው አጨበጨበ። ከኔ ቀጥሎ ሉሺየስ ሰራው፣ ሰው ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ተነሳ። ዱዊት የሚባል አፈኛ አለ፣ ሰፈሩ ውስጥ የማይገባበት ነገር የለም፣ ወንበር ላይ ወጥቶ "የሉሺየስን ክንድ አያችሁ? የሉሺየስን ክንድ አያችሁ?" ይላል። እዛው የሉሺየስ ክንድ ሆኖ ቀረ። ማታ ቤት ስንገባ እናቴ ጫማዋን እያወለቀች ምን አለች መሰላችሁ?

"ያ አዲሱ ልጅ ክንዱን የሚያደርጋት ነገር እንዴት ታምራለች በናትህ። ለምን አያስተምርህም?"

እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። ቀይ ባቄላ በሩዝ ነበር ደግሞ፣ የምወደው።

አሁን ነገሩ የት ጋ እንደሆነ ልንገራችሁ። በኛ ጭፈራ ከፊት የሚቆመው ሰው ነው ስም የሚጠራው። ከፊት ሆኖ የሚቀጥለውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሌሎቻችን እንከተላለን፣ ተመልካቹ ይሰማል። ሰው ያን ስም ይዞ ነው ቤቱ የሚሄደው። መጀመሪያ መድረክ ላይ ማን ከፊት ቆሞ ጠራው፣ እንቅስቃሴው የሱ ነው፣ አለቀ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት የተሰጥኦ ውድድር በሚመጣው እሁድ ከሰዓት ነበር፣ ከኦክላንድም ከሳንፍራንሲስኮም ሰው ይመጣል። እኔ ከፊት ከቆምኩ "የኦዴል በር" ብዬ እጠራዋለሁ፣ በቃ ለዘላለም የኦዴል በር ነው። ሉሺየስ ከቆመ ግን ተበላሁ።

ሰኞ ዕለት ቬርኒታን ቀጥ ብዬ ጠየቅኳት። "ከፊት እኔ ነኝ አይደል?"

ጉልበቷ ላይ በረዶ ይዛ ነበር። አየችኝ፣ ሉሺየስን አየችው።

"መስኮቱ ይወስናል" አለች።

መስኮቱ የሚስተር ጊድሪ የወንዶች ልብስ ሱቅ መስኮት ነው፣ ዋናው ጎዳና ላይ። ቬርኒታም ራሷ ከፊት የቆመችው ያኔ እዛ መስኮት ውስጥ ሁለት ወንዶች አሸንፋ ነው። ልብስ ከሚያሳዩት አሻንጉሊቶች ጋር ትቆማለህ። ሰው ውጭ ሆኖ የፈለገውን ይላል፣ የፈለገውን ያደርጋል፣ መንካት ብቻ ነው ክልክሉ። ዐይንህን መክደን ትችላለህ፣ ግን ቀስ ብሎ፣ እንደ ማሽን። መጀመሪያ የተነቃነቀ ወይ የተናገረ ተሸነፈ። ሚስተር ጊድሪ ደስ ይለዋል፣ አዲሱ የገበያ ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ እሱ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው የለም።

ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ተባለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመቆም እንደማልበልጠው አውቅ ነበር። ሉሺየስ ሲቆም የቆመ አይመስልም፣ ከመጀመሪያውም ያልተንቀሳቀሰ ነው የሚመስለው። ግን አንድ ድክመት አለችው። አስተዳደጉ።

ልጁ ትልቅ ሰው አይቶ ዝም ማለት አይችልም። መንገድ ተሻግሮ ሰላም ይላል እኮ። አንዴ ግቢያችን ውስጥ ስንለማመድ ቬርኒታ "ቀጥ" አለችን፣ ሁለታችንም ቀጥ አልን። በአጥሩ በኩል እማማ ፔትዌይ አለፉ። እማማ ፔትዌይ የቤተክርስቲያናችን እናት ናቸው፤ ነጭ ልብስ፣ ነጭ ባርኔጣ፣ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው በዐይናቸው ብቻ ሕፃን ዝም የሚያሰኙ። "ደህና ዋላችሁ ልጆች" አሉ። እኔ ቀጥ እንዳልኩ ነኝ። ሉሺየስ ግን ወዲያው ሮቦትነቱን ጥሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ደህና ዋሉ እማማ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት፣ እግርዎን ተሻለዎት?" ቬርኒታ ፎጣ ወረወረችበት።

"ሮቦት እግርዎን ተሻለዎት ይላል እንዴ?"

"ሰላም ሲሉኝ ምን ላድርግ?" አላት። "እናቴ ብትሰማ ከቴክሳስ በእግሯ ነው የምትመጣው።"

ይሄን አስታወስኩ። ሐሙስ ከሰዓት እማማ ፔትዌይ ቤት ሄድኩ።

በረንዳቸው ላይ ባቄላ እየለቀሙ ነበር። ብስኩት ሰጡኝ፣ ትልቁን። ተቀመጥኩና ስለ ቤተክርስቲያን፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ነዳጅ ማጣሪያው ሽታ ምናምን አወራሁ። ከዛ እንደ ድንገት አድርጌ፣

"እማማ፣ ቅዳሜ ሉሺየስ ሚስተር ጊድሪ ሱቅ መስኮት ላይ ይቆማል፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ። እርስዎ መጥተው ሰላም ቢሉት እንዴት ደስ ይለው ነበር መሰለዎት። እናቱ ሩቅ ናት፣ ያው።"

እማማ ፔትዌይ ባቄላ መልቀሙን አቆሙ። መነጽራቸውን ወደ ታች አድርገው አዩኝ።

"አንተስ እዛ የለህም?"

"አለሁ እማማ። ከጎኑ ነኝ።"

"ታዲያ አንተን ሰላም ብልህ ደስ አይልህም?"

"ይለኛል እማማ። ግን እሱ... እሱን ነው ይበልጥ።"

"እናትህ ወገቧ እንዴት ሆነላት?"

"ተሽሏታል እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ደግ ልጅ ነህ፣ ለጓደኛህ ታስባለህ" አሉና ባቄላቸውን ቀጠሉ። ድምጻቸው ውስጥ የሆነ ነገር ነበረ፣ ግን ብስኩቱ ጣፍጦኝ አላስተዋልኩትም።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ውስጥ ገባን። ሚስተር ጊድሪ በመሀላችን አንድ አሻንጉሊት አቆመ፣ ራስ የሌለው፣ ቡናማ ኮት የለበሰ። ከሱ ወዲያ ሉሺየስ፣ ከሱ ወዲህ እኔ። ቬርኒታ ከውስጥ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፣ ሰዓቷን ጭኗ ላይ አድርጋ። ሙቀት ስለነበር የሱቁ በር ክፍት ነው፣ ውጭ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

እኔ አንድ እጄን ወደፊት ዘርግቼ፣ ሌላውን ባርኔጣዬ ጫፍ አጠገብ አድርጌ ቆምኩ። ያን አቋቋም የመረጥኩት ስለሚያምር ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞኝነት እንደሆነ ገባኝ። ሉሺየስ ሁለት እጁን ወደ ታች ለቆ ነው የቆመው። ገበሬ ነው፣ ድካም ያውቃል።

ዱዊት ሰው ሰብስቦ መጣ። መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ፣

"ኦዴል፣ ወንድሜ፣ ሱሪህ ተከፍቷል።"

አልተከፈተም ነበር። አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ሱሪህ ተከፍቷል ሲልህ ላለማየት የሚያስፈልገውን ጉልበት ልነግራችሁ አልችልም።

"የቱ ነው አሻንጉሊቱ?" አለች አንዷ።

"ራስ የሌለው ነዋ።"

"ሁለቱም ራስ የላቸውም፣ በዚህ ሙቀት ኮት ለብሰው።"

ሳቁ። ከንፈሬን ከውስጥ ነከስኩ። ሉሺየስን በቀጥታ ማየት አልችልም፣ ዐይኔን ማዞር አልተፈቀደም፣ ግን መስታወቱ ላይ ምስሉ ይታየኛል። እሱን ብቻ ነበር የማየው። አንድ ዝንብ መጣች። አገጩ ላይ አረፈች፣ ወደ ከንፈሩ ወጣች፣ ከንፈሩ ላይ ቆማ እጇን አሻሸች። ምንም። ሰዉ "ኧረ እዩት፣ ኧረ እዩት" ይላል። ለምን እኔ ጋ አልመጣችም? ዝንቧ እንኳን እሱን መረጠች እኮ። እኔም ዝንብ እችላለሁ! ማን አይቶኝ ግን?

ሁለት ሰዓት አለፈ። ቀለሙ ከላብ ጋር ተደባልቆ አንገቴ ላይ ይወርዳል፣ ያሳክካል። ትከሻዬ ደንዝዟል። አንድ ሰውዬ ቋሊማ በዳቦ ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቀስ እያለ በላው፣ ሰናፍጩን እየላሰ። ቻልኩት። ዱዊት እናቴን እየመሰለ "ኦዴል፣ ለምን ያ ልጅ አያስተምርህም?" አለ፣ ይሄን ከየት እንደሰማ እግዜር ይወቅ። እሱንም ቻልኩት። አንድ ነገር እየጠበቅኩ ስለነበር ነው የቻልኩት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰዉ ከኋላ ጀምሮ መንገድ እየለቀቀ ሲከፈል አየሁ። ነጭ ባርኔጣ። ነጭ ልብስ። ዱዊት ከአፉ ሲጋራውን አውጥቶ ከጀርባው ደበቀ። እማማ ፔትዌይ ከጸሎት ስብሰባ እየመጡ ነው።

ልቤ ኮቱ ስር ሲደልቅ የሚታይ መስሎኝ ፈራሁ። መጡ፣ መስታወቱን አልፈው በሩ ጋ ቆሙ፣ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ። ወደ ሉሺየስ ዞሩ።

"ደህና ዋልክ ልጄ ሉሺየስ" አሉ።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ሰገገ።

አሁን አልኩ በልቤ። አሁን። ባርኔጣህን አውልቅ። እግርዎን ተሻለዎት በል።

መስታወቱ ላይ ያለው ምስል አልተነቃነቀም።

"እንዴት አምሮብሃል" አሉ እማማ ፔትዌይ። "እናትህ ብታይህ።"

ምንም። ሽፋሽፍቱ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀስ ብሎ ወጣ፣ እንደ ማሽን። አላመንኩም። ይሄ ልጅ፣ መንገድ ተሻግሮ ሰላም የሚለው ልጅ፣ የቤተክርስቲያን እናት ደህና ዋልክ ብለውት ዝም? ተናደድኩ ነው የምላችሁ። በኔ ፋንታ ሳይሆን በእማማ ፔትዌይ ፋንታ ተናደድኩ። ምን ዓይነት ባለጌ ነው? ትልቅ ሰው ሲያናግርህ እንዴት ዝም ትላለህ? ይሄንን እያሰብኩ እያለ፣ እንዲሁ በንዴት ተሞልቼ ራሴን ረስቼ እያለ፣ እማማ ፔትዌይ ወደኔ ዞሩ።

"ኦዴል" አሉ።

"አቤት እማማ" አልኩ።

በቃ። ከአፌ ወጣ። የወጣው ደግሞ አፌ ብቻ አይደለም። እጄ ባርኔጣዬ አጠገብ ነበር አይደል? ባርኔጣዬን አነሳ። ግን ሶስት ሰዓት ሙሉ ሮቦት ስለነበርኩ እጄ ሮቦትነቱን አልተወም፤ ባርኔጣው በሶስት ቁርጥ ነው የተነሳው፣ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። ጭንቅላቴ ጎንበስ አለ፣ እሱም በሶስት ቁርጥ። አፌ ብቻ ነው ሰው የሆነው። ከወገብ በላይ ማሽን፣ መሀል ላይ አንድ ጨዋ ልጅ "አቤት እማማ" እያለ።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዛ ዱዊት መሬት ላይ ተቀመጠ። ቁጭ አለ እኮ፣ አስፋልቱ ላይ። ሰዉ እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ሳቀ። ሚስተር ጊድሪ የሸሚዝ ሳጥን ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እማማ ፔትዌይ ግን አልሳቁም።

"እናትህን ሰላም በልልኝ" አሉኝና ሄዱ።

"ስምንት ሰዓት ከአስራ አንድ" አለች ቬርኒታ። "ሉሺየስ ከፊት። አንተ ደግሞ ውሃ ጠጣ፣ ልትወድቅ ነው።"

ሱቁ ጀርባ ፊታችንን ለመታጠብ ሄድን። ቧንቧው አንድ ነው፣ እኔ ቀድሜ ያዝኩት። ሉሺየስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

"እንዴት አልመለስክላቸውም?" አልኩት። "አንተ? ለእማማ ፔትዌይ?"

"ትናንት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።"

"ምን ብለህ?"

"ነገ ምናልባት በሱቁ በኩል ቢያልፉና ዝም ብልዎት ንቀት አይደለም፣ ስራ ላይ ሆኜ ነው፣ ከወዲሁ ደህና ይዋሉ አልኳቸው።" ባርኔጣውን በጣቱ አዞረው። "ቅዳሜ በዛ በኩል እንደሚያልፉ አውቃለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር አለበለዚያ።"

ውሃው እጄ ላይ ይፈሳል። ምንም አልታጠብኩም።

"አንተም ሐሙስ ሄደህ እንደነበር ነገሩኝ" አለ።

"እ?"

"ስለኔ አውርተህ እንደነበር። እናቱ ሩቅ ናት ብለህ።" ባርኔጣውን ብብቱ ስር ከተተ። "አመሰግናለሁ ወንድሜ።"

ቀና ብዬ አየሁት። ቀለሙን ገና አልጠረገም፣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። እውነቱን ይሁን፣ እየቀለደብኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳሙናውን ሰጠሁትና ወጣሁ።

እሁድ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። እማማ ፔትዌይ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከእናቴ አጠገብ። ሉሺየስ ከፊት፣ እኔ ከቀኝ በኩል ኋላ፣ ቬርኒታ ከግራ። ሙዚቃው ጀመረ። ሉሺየስ አንድ በአንድ ጠራ፣ ድምጹ ቀጭን ነው ግን ይሰማል። አንገት። አንጓ። ሽክርክሪት። ከዛ ክርኑን አነሳ።

ይሄን ልናገር፣ ልጁ ሊበድለኝ አልፈለገም። "የኦዴል በር" ብሎ ነው የጠራው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ያቺ መንጠር ስትመጣ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ "ሉሺየስ! ሉሺየስ!" እያለ ጮኸ፣ ስሙን ማን ሰማው? እኔም ከኋላ ሆኜ በሬን ሰራሁ። የራሴን በር፣ የግቢዬን በር፣ ሰው ሲከተል እንደሚሰራው ሰራሁት። እናቴ ለማን እንደምታጨበጭብ ለማየት ሞከርኩ፣ ባርኔጣ ከለለኝ።

ልንጨርስ ስንል ከላይኛው ረድፍ ዱዊት፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣

"ኦዴል!"

ዝም አልኩ። ጭፈራ ላይ ነኝ።

"ኦዴል!" አሉ ከጎኑ ያሉት። ከዛ ሌላ ረድፍ። ከዛ ሁሉም፣ እየሳቁ፣ በአንድ ድምጽ። ቬርኒታ ከጥርሷ ስር "መልስላቸው እንጂ" አለችኝ። ሉሺየስ ደግሞ ከፊት ወደ ጎን አንድ እርምጃ፣ ቀጥ፣ ሁለት እርምጃ፣ ቀጥ፣ ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ።

ወደ ፊት ወጣሁ። ምን ላድርግ። ባርኔጣዬ፣ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። ጭንቅላቴ ጎንበስ። "አቤት እማማ።"

የአዳራሹ ጣሪያ የሚነሳ መሰለኝ። እማማ ፔትዌይ እንኳን ያኔ መሀረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሁለተኛ ወጣን፣ አንደኛ ኦክላንዶች ናቸው፣ ያን ተዉት።

ሰኞ ጠዋት መንገዱ ላይ ማንም ሰው በስሜ አይጠራኝም፣ "አቤት" ነው የሚሉኝ። ሚስተር ጊድሪ ባርኔጣውን በሶስት ቁርጥ ያነሳል። የጎረቤታችን መንታ ሴት ልጆች አጥሩ ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ እየተጠራሩ ይሰሩታል። ቬርኒታ "የኦዴል አቤትን ከእንግዲህ ማንም አይወስድብህም" አለችኝ። ሊያጽናናኝ የሚገባው ነገር ነበር። እኔ ግን በሩን ነው የምፈልገው። በሩን በሁለት ወር ላብ ነው የሰራሁት፤ አቤትን የሰራኋት በአንድ ደቂቃ ስህተት ነው። ሰው ላቡን ትቶ ስህተቱን በስሙ ሲጠራለት ምን ይላል?

ከሰዓት ላይ ሉሺየስ ግቢያችን መጣ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ባቡር አልፎ በሩ እየተወዛወዘ ነው።

"አቤትን አስተምረኝ" አለኝ። "አንዴ አሳየኝ።"

ባርኔጣዬን ወረወርኩለት። "አይተሃል እኮ። ሞክራት።"

አጠለቀው። ቆመ። ባርኔጣው ተነሳ፣ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። ጭንቅላቱ ግን ወዲያው አልጎነበሰም። ባርኔጣው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ የሆነ ሰው ከሩቅ የጠራውና ገና አሁን የሰማ ይመስል፣ ያኔ ነው ጭንቅላቱ የወረደው፣ አፉ የተከፈተው፣ "አቤት እማማ።" መንታዎቹ አጥሩ ላይ ሆነው መሳቅ ጀምረው መሀል ላይ አቆሙ። ያቺ መዘግየት። ያቺን መዘግየት እኔ አላሰብኳትም።

ተነሳሁ። ባርኔጣዬን ከራሱ ላይ አነሳሁ።

"እንደዚህ አይደለም" አልኩት።

እንደዛ ነበር።